ከክህደት በኋላ ስለሚመጣ በቀል ፊልም ሲጻፍ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ስለ በቀል የሚነገር ፊልም ለጀማሪ ጸሐፊ ቀላል ሆኖ ይታየዋል፤ የበደለ ሰው አለ፣ የተበደለ ሰው አለ፣ የቀረው ሁለቱን አንድ ቦታ ማገናኘት ብቻ ይመስለዋል። በዚህ እምነት የሚጻፉ ታሪኮች ግን አብዛኛውን ጊዜ ጡዘታቸው ላይ፣ ማለትም ግጭቱ ጫፍ የሚደርስበት ቦታ ላይ ሳይደርሱ ይዝላሉ፤ በቀል ክብደቱን ሁሉ የሚያገኘው አስቀድሞ ከፈረሰው መተማመን ስለሆነ፣ መተማመኑን ያላየ ተመልካች በቀሉ አይገባውም።

ነገሩን ለመከተል እንዲያመች በባሕር ዳር የሚኖሩ ሁለት ጓደኛሞችን እናስብ። ዕቁባቸውን አውጥተው ጎብኚዎችን ወደ ዘጌ የምታመላልስ አንዲት የሞተር ጀልባ በጋራ ይገዛሉ። አንደኛው እናቱን ለማስታመም ወደ ጎንደር ሲሄድ ለሌላው ውክልና ሰጥቶት ይሄዳል፤ ሲመለስ ጀልባዋ ተሸጣለች።

የመጀመሪያውና ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህን ክህደት በአምስት ደቂቃ ጨርሶ ወደ በቀሉ መሮጥ ነው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይባላል፤ ተመልካቹ ግን የተወጋው እርሱ ስላልሆነ በቀላሉ ይረሳል፣ እንዳይረሳ ማድረግ የጸሐፊው ሥራ ነው። ሁለቱ ሰዎች ሲሳሳቁና ትከሻ ለትከሻ ሲተቃቀፉ ማሳየትም ብቻውን አይበቃም፤ ተመልካች በሳቅ ብዛት ወዳጅነትን አያምንም። የሚያሳምነው አንዱ ሌላውን ሳይጠራጠር የሚያደርገው ነገር ነው፦ የዕለቱን ገቢ ሳይቆጥር መቀበሉ፣ ውልና ማስረጃ ቢሮ ውስጥ ሰነዱ ላይ «የመሸጥ፣ የመለወጥ» የሚለውን ቃል ሳያነብ መፈረሙ። ከሃዲው የተበዳዩ አበልጅ፣ ማለትም የልጁ የክርስትና አባት ቢሆን ደግሞ ክህደቱ ከገንዘብ ጉዳት አልፎ ቤተሰብ ውስጥ ይገባል። የፊልሙ አንድ ሦስተኛ ለዚህ ክፍል ቢሰጥ በእኔ ግምት አይበዛበትም።

ከሃዲውን ያለ ምክንያት ክፉ ማድረግ ሌላው ስህተት ነው። አሌክሳንደር ዱማ ስለ ሞንቴ ክሪስቶ በጻፈው ልብ ወለድ ኤድሞን ዳንቴስ 14 ዓመት በእስር እንዲማቅቅ ያደረጉት ሦስት ሰዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ ፈርናን የዳንቴስን እጮኛ ይፈልጋታል፣ ዳንግላር የመርከብ አዛዥነቱን ይመኛል፣ ዐቃቤ ሕጉ ቪልፎር ደግሞ በአባቱ ሰበብ ሹመቱ እንዳይበላሽበት ይፈራል። ሦስቱም ምክንያቶች ማንም ሰው የሚረዳቸው ስለሆኑ በቀሉ በመጣ ጊዜ አንባቢው ለሁለቱም ወገን ልቡ ይከፈላል። በእኛ ምሳሌም ጀልባዋን የሸጠው ሰው ጎብኚ በጠፋበት ወቅት ዕዳ እየገፋው የመጣ፣ «ሳይመለስ ሌላ እገዛለሁ» ብሎ ራሱን ያታለለ ሰው ሊሆን ይችላል። ወርቅ ሰዓት አስሮ ብቻውን የሚስቅ ከሃዲ ግን ማንንም አያስፈራም።

በይበልጥ የሚያሳዝነኝ ስህተት ተበቃዩን ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ንስሐ አባትና ሽማግሌ የሌለው ብቸኛ ሰው አድርጎ መሣል ነው። በጎጃምም ሆነ በጎንደር ደም ሊያፋስስ የሚችል ጠብ በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ ተደብቆ አይቆይም። «ዝም ልትል ነው?» እያለ የሚገፋ አጎት አለ፤ ከዚያ ወገን ደግሞ ነገሩን ለማብረድ የሚመላለሱ ሽማግሌዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች በብዙ ፊልሞች ውስጥ ጋቢ ለብሰው ይገባሉ፣ አንድ ተረት ይተርታሉ፣ ይወጣሉ፤ በታሪኩ ሂደት ላይ የሚያመጡት ለውጥ የለም። በእውነተኛው ኑሮ ግን ሽማግሌ የረገጠ ሰው በሀገሩ ፊት ትልቅ ዋጋ ይከፍላል፤ ትናንት ያዘነለት ሰው ሁሉ ዛሬ ፊቱን ያዞርበታል። ጥፋተኛው እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ ደጃፍ ላይ ቢንበረከክስ? ለአንድ ተዋናይ ከዚህ የበለጠ ከባድ ትዕይንት ማሰብ ያስቸግራል፤ ተበቃዩ ድንጋዩን ቢያወርድለት ቂሙን ማፈን አለበት፣ ባያወርድለት ደግሞ በዳይ የሚሆነው እርሱ ነው።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው የሼክስፒር ተውኔት «ሐምሌት» ውስጥ ልዑሉ የአባቱን ገዳይ ለጸሎት ተንበርክኮ ያገኘዋል፤ በዚያ ሰዓት ቢገድለው ነፍሱን ወደ ገነት የሚሸኛት ስለመሰለው ሰይፉን ይመልሳል። ይህ ስሌት ንስሐንና ቁርባንን ለሚያውቅ የእኛ ተመልካች ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚል ሕዝብ መካከል የሚኖር ተበቃይ ንስሐ አባቱ ፊት ሲቀርብ ምን እንደሚናዘዝ ያላሰበ ጸሐፊ ገፀ ባሕርዩን ገና አላወቀውም።

የሕግ ጉዳይ ቸል ሲባልም ታሪኩ ይላላል። ተመልካቹ ወዲያው «ለምን አልከሰሰውም?» ብሎ ይጠይቃል፤ እምነት ማጉደል በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 675 የተደነገገ ወንጀል ነውና። ስለዚህ የፍርድ ቤቱ በር ለምን እንደተዘጋበት፣ ወይም ለምን ራሱ እንደተወው መታየት አለበት፤ ሳያነብ የፈረመው ውክልና እዚህ ላይ ተመልሶ ይጠቅማል። ከዚህም ሌላ፣ ተመልካቹን የሚያስደስተው ረቂቅ ዕቅድ ራሱ በችሎት ፊት በተበቃዩ ላይ ቅጣቱን የሚያከብድበት ማስረጃ ነው። በአንቀጽ 540 የተመለከተው ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ሲያስቀጣ፣ አስቀድሞ ታስቦበት የተፈጸመና በአንቀጽ 539 ሥር የሚወድቅ ከባድ ግድያ ግን ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ያስፈርዳል። ይህን የሚያውቅ ጸሐፊ የዕቅዱን እያንዳንዱን እርምጃ በፍርሃት ሊሞላው ይችላል።

ጣናን እንደ ፖስት ካርድ መጠቀም ደግሞ የአካባቢያችን ልዩ ስህተት ነው። ድሮን ተነሥቶ ሐይቁን ያሳያል፣ ዘንባባዎቹን ያሳያል፣ ታሪኩ ግን አዲስ አበባም ቢሆን ያው ነበር። ሐይቁ የራሱ ጠባይ አለው። ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ትንሽ ጀልባን ያስቸግራል፤ የደንገል ታንኳ ውሃ እየጠጣ የሚከብድ፣ ከአገልግሎት በኋላ ወጥቶ መድረቅ ያለበት ስለሆነ በእርሱ ረጅም ማሳደድ መጻፍ ዓሣ አጥማጆችን ያስቃል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴም ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ ሲሆን፣ ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ይሳሳል፤ በነሐሴ የተጀመረውን ትዕይንት በሚያዝያ ለመጨረስ የሚመጣ ቡድን ሌላ ፏፏቴ ያገኛል። በሞተር ጀልባ ላይ የሚደረግ ምልልስም በድምፁ ይዋጣልና፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጀልባዋ ስትንሳፈፍ እንዲሆን አድርጎ መጻፉ ይሻላል።

ቦታው በታሪኩ ውስጥ ሥራ ሊሠራም ይችላል። ወደ ዳጋ እስጢፋኖስና ወደ ክብራን ገብርኤል ሴት አትገባም፤ ስለዚህ ተበቃይዋ ሴት ሆና ከሃዲዋ ከእነዚህ ገዳማት በአንዱ ቢጠጋ፣ ዐይኗ እያየው እግሯ የማይደርስበት ሰው ይሆናል። እርሷን በዳጋ ግቢ ውስጥ ሽጉጥ ይዛ የሚያሮጥ ጸሐፊ ስህተት ከመሥራቱም በላይ እጁ ላይ የነበረውን ምርጥ ሁኔታ ጥሎታል።

ተበቃዩ ለምን እንደሚበቀል በረጅም ንግግር ማስረዳትና በየደቂቃው በምልሰት ወደ ኋላ መመለስ ብዙ ሐተታ አያስፈልጋቸውም፤ ሁለቱም ጸሐፊው የመጀመሪያውን ክፍል በሚገባ ላለመሥራቱ ምልክቶች ናቸው። ከንግግሩ ይልቅ «አበልጄ፣ ጀልባችንን ቀለም ቀየሯት አሉ» የምትል በቡና ላይ በለሆሳስ የተነገረች አንዲት ዐረፍተ ነገር ብዙ ታስፈራለች።

በመጨረሻ ልቀቱ፣ ማለትም የታሪኩ መቋጫ ይቀራል። በፖሊስ መኪና ጩኸት ወይም በድንገተኛ ዕርቅ የሚዘጋ ፊልም ጸሐፊው መድከሙን ያሳያል፤ ዕርቅ ይሁን ከተባለ ሽማግሌዎቹ ከመካከለኛው ክፍል ጀምረው የለፉበት መሆን አለበት። ሞት ይሁን ከተባለም ጥያቄው ማን ወደቀ የሚለው ብቻ አይደለም፤ ጀልባዋን ምንም ሳያውቅ የገዛው ሰው ምን ሆነ፣ ያልተከፈለውን ዕቁብ ማን ይክፈል፣ ልጁስ የክርስትና አባቱን ማን እንዳጠፋው ቢጠይቅ አባቱ ምን ይመልስለታል? ይህ የመጨረሻው ምልልስ ገና ወረቀት ላይ ካልሰፈረ፣ ካሜራ ለመከራየት ጊዜው አልደረሰም።