በኤሌክትሮን የዴስክቶፕ ፕሮግራም ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኤሌክትሮን የተባለው የፕሮግራም መሥሪያ ድረ ገጽ መሥራት ለሚችል ሰው ለዊንዶውስ፣ ለማክና ለሊኑክስ የሚሆን ፕሮግራም የማዘጋጀት በር ስለሚከፍት፣ በደሴና በኮምቦልቻ ለመድኃኒት ቤቶችና ለእህል መጋዘኖች የሽያጭ መመዝገቢያ የሚሠሩ ወጣቶች ቢመርጡት አያስገርምም። ጣጣው የሚመጣው ፕሮግራሙ ከሠሪው ላፕቶፕ ወጥቶ ደንበኛው ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የደንበኛውን ኮምፒውተር ሳያዩ ሥራ መጀመር ነው። ኤሌክትሮን የክሮም አሳሽ መሠረት የሆነውን ክሮሚየምንና ጃቫስክሪፕት የኮምፒውተሩን ፋይሎች እንዲያዝ የሚያስችለውን ኖድ ጄኤስን ይዞ ስለሚጫን ትንሽ መመዝገቢያ እንኳ ከ100 ሜጋባይት በላይ ቦታ ትወስዳለች። በዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው እትም ኤሌክትሮን 22 ሲሆን፣ እዚያ ላይ መቆየት ማለት የደኅንነት ማስተካከያ በማያገኝ ክሮሚየም መሥራት ስለሆነ፣ በእኔ እምነት ደንበኛው ዊንዶውሱን እንዲቀይር ማግባባት ይሻላል። ታውሪ የተባለው ሌላ መሥሪያ የማሽኑን የራሱን ዌብቪው (የድረ ገጽ ማሳያ) ስለሚጠቀም መጠኑ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ገጹ በየሲስተሙ የተለያየ መልክ ሊይዝ ስለሚችል በእያንዳንዱ ላይ መሞከር ግድ ይላል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን ገጹ ራሱ ኖድን እንዲያዝ መፍቀድ ነው። ይህ ፈቃድ ከኤሌክትሮን 5 (2019 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በነባሪነት የተዘጋ ቢሆንም፣ የቆዩ ማስተማሪያዎችን የሚገለብጡ ሰዎች መልሰው ይከፍቱታል። ከአቅራቢ በመጣ የዕቃ ዝርዝር ውስጥ፣ በአንድ መድኃኒት ስም ቦታ የጃቫስክሪፕት ኮድ ተሰክቶ ቢመጣና ፕሮግራሙ ስሙን ጽሑፍን እንደ ገጽ ኮድ በሚያነበው በኢነርኤችቲኤምኤል ገጹ ላይ ቢያሰፍረው፣ ያ ኮድ የባለቤቱን ፋይሎች እስከማጥፋት ይደርሳል። ስለዚህ ከገጹ ኮድ በፊት በሚሠራው በፕሪሎድ ፋይል ውስጥ፣ ያን ፋይል ከገጹ ጋር በሚያገናኘው በኮንቴክስትብሪጅ በኩል «ሽያጭ መዝግብ» የሚል ዓይነት ጠባብ ተግባር ብቻ ለገጹ መስጠት፣ ስሙንም እንደ ተራ ጽሑፍ ማስፈር ይገባል።

መረጃውን ፕሮግራሙ በተጫነበት ፎልደር ማስቀመጥም አያዋጣም፤ ዊንዶውስ መጻፍ ሊከለክል፣ አዲስ እትም ሲጫንም የወራት ሒሳብ ሊጠፋ ይችላልና፣ ኤሌክትሮን የሚሰጠውን የተጠቃሚ መረጃ ፎልደር ይጠቀሙ።

ቡትስትራፕ የተባለውን የገጽ ማስዋቢያና የአማርኛ ፎንትን ከኢንተርኔት መጥራት ኔትወርክ በተቋረጠ ቁጥር ገጹን ያበላሻል፤ ሁለቱንም ፕሮግራሙ ውስጥ ያካትቱ። የፋይል ስምም ላይ ይጠንቀቁ፤ ዊንዶውስ ትልቁንና ትንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል ሳይለይ የከፈተውን ምስል ሊኑክስ አላገኘሁም ይላል።

በመጨረሻም፣ ከጎርጎርዮሳዊው ዓመት 8 በመቀነስ የኢትዮጵያን ቀን ለማውጣት የሚሞክሩ አሉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ነው፤ ጳጉሜም 5 ወይም 6 ቀን ይሆናል። ቀኑን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መዝግቦ፣ በጃቫስክሪፕት ውስጥ ባለው ኢንትል አማካይነት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማሳየት ይቻላል። በመድኃኒት ቤት ግን የማብቂያ ቀኑ በእሽጉ ላይ በታተመው አቆጣጠር ይታይ፤ ሻጩ የሚያመሳክረው ከእሽጉ ጋር ነው።