የካምቢዮዬ ዘይት መንጠባጠብ በምን ቆመ

ፒያሳ ማታ መኪናዬን ካቆምኩበት ቦታ ጠዋት ጠዋት ቀይ ጠብታ አገኝ ነበር። ቀይ መሆኑ የካምቢዮ ዘይት እንደሆነ ለማወቅ ረዳኝ፤ የሞተር ዘይት ቢሆን ወደ ቡናማ ወይ ጥቁር ይሄዳል። አሮጌ አውቶማቲክ ኮሮላ ናት። የሚያፈሰው የካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ኮፓ፣ ማለትም ከሥሩ የሚታሰረው የዘይት መያዣ፣ ጓርኒሲዮን (መሃል የሚገባው ማሸጊያ) ነበር።

መጀመሪያ ቡሎኖቹን አጠበቅኩ። ጭራሽ ባሰበት! ምክንያቱ የገባኝ ኮፓውን ሳወርድ ነው። ከልክ በላይ ከመጥበቃቸው የተነሳ በየቡሎኑ ቀዳዳ ዙሪያ ላሜራው ጎብጧል። እንደጎበጠ አዲስ ጓርኒሲዮን ብገጥም እንደገና ያፈስ ነበር። ስለዚህ ጠርዙን ጠፍጣፋ ብረት ላይ አስደግፌ እብጠቱን በትንሽ መዶሻ ቀስ እያልኩ መልሼ አስተካከልኩት። ትዕግሥት የሚፈልገው እዚህ ጋ ነው። ደግሞ አደራ፣ በክሪክ ብቻ ከቆመች መኪና ሥር አትግቡ።

ጓርኒሲዮኑን የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጥበት ሶማሌ ተራ አገኘሁ። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ቀዳዳውን አስተያዩ። ሲሊኮን አልቀባሁም፤ ትርፉ ተቆርሶ ውስጥ ይገባል። ቡሎኖቹን በ10 ቁልፍ፣ ወዲህና ወዲያ እያፈራረቅኩ፣ ያለ ብዙ ጉልበት አጠበቅኩ።

ዘይት ሞላሁ። ሞተሩ ሲሞቅ ማርሹን ሁሉም ላይ አዟዟርኩና ፒ (P፣ ማቆሚያው) ላይ መልሼ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ የዘይቱን መጠን ለካሁ። ማታ ማታ ከሥሯ ካርቶን አነጥፋለሁ። ሦስት ሳምንት ሆነው፣ ደረቅ ነው።