የቱርክኛን የስም ቅጥያ ከ"ቤቶቼን" ጀምሩት

ቱርክኛ ስትጀምሩ መጀመሪያ የሚሰጧችሁ የቅጥያ ሰንጠረዥ ነው። ለጊዜው ተዉት። ይልቅ የራሳችንን "ቤቶቼን" ቆራርጡት፦ ቤት፣ ብዙ ቁጥሩ፣ "የእኔ" የሚለው፣ መጨረሻ ላይ የተሳቢዋ ን። ቱርክኛው "ኤቭሌሪሚ" ነው። ኤቭ ቤት፣ ሌር ብዙ ቁጥር፣ ኢም የእኔ፣ ኢ ደግሞ ያቺው ን። ቅደም ተከተሉ አንድ ነው! ሌላው ሁሉ የሚሰካው በዚህ ላይ ስለሆነ በደንብ ያዙት።

የምንለያየው እነ በ፣ ከ እና ወደ ላይ ነው። እኛ እናስቀድማቸዋለን፣ እነሱ ከኋላ ይቀጥሏቸዋል። ኤቭዴ ቤት ውስጥ፣ ኤቭዴን ከቤት፣ ኤቬ ወደ ቤት። "ቤቴ ውስጥ" ለማለት ኢም ትቀድማለች፦ ኤቪምዴ።

ተሳቢው ለእኛ ቀላል ነው። "ኤቭ አልድም" ቤት ገዛሁ፣ "ኤቪ አልድም" ቤቱን ገዛሁ። ያልታወቀ ቤት ከሆነ ቅጥያ የለም፣ ልክ እንደ አማርኛው።

ቅጥያው ግን መልኩን ይቀያይራል፤ የቃሉን የመጨረሻ አናባቢ እያየ ነው የሚሄደው። ኦኩል ማለት ትምህርት ቤት ነው፣ "ኦኩልዴ" ካላችሁ ስህተት ነው፣ ኦኩልዳ በሉ። "የእኔ"ም እንደዚሁ፦ ኤቪም፣ ኦኩሉም፣ ቅዝም (ሴት ልጄ)። ቅዝም ውስጥ ያለችው ድምፅ የኛዋ ሳድስ ናት ማለት ይቻላል፣ አፋችሁ ላይ አለች። ከነዚህ ከሦስቱ (ኢ፣ ኡ፣ እ) ሌላ ያለችውን አራተኛዋን አናባቢ ለማግኘት ኢ እያላችሁ ከንፈራችሁን ክብ አድርጉ።

አሁን ጊዜ ስጡት የምለው ቦታ ላይ ደረስን፦ የእሱ፣ የእሷ። "ቤቱ" ኤቪ ነው፣ "ቤቷ"ም ኤቪ፤ ቱርክኛ ወንድና ሴት አይለይም። ከዚህ ኤቪ ቀጥሎ ዴ ሲመጣ መሃል ላይ ን ትገባለች፦ ኤቪንዴ። ችግሩ "ቤትህ" ራሱ ኤቪን ስለሆነ "ቤትህ ውስጥ"ም ኤቪንዴ ሆኖ ቁጭ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ከወሬው ይታወቃል፤ ካልታወቀ ባለቤቱን ከፊት ጥሩት፣ ሴኒን ኤቪንዴ ያንተ፣ ኦኑን ኤቪንዴ የእሱ ወይም የእሷ።

በስም ሲጠራም ሁለቱም ወገን ምልክት ይይዛል። "የአሊ ቤት" አሊኒን ኤቪ ነው፣ "የአሊ ቤቱ" እንደማለት። "አሊ ቤት ነኝ" ልትሉ ስትሉ እንግዲህ ያቺን ን አትርሷት፦ አሊኒን ኤቪንዴዪም።