ወንድሜ 11 ከ16 አገኘ፤ ሰምቷል ማለት ነው?

የታላቅ እህታችን ሠርግ ላይ ዘፈኑን የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ለዘመድ በቴሌግራም ከመላኬ በፊት ፋይሉን ማሳነስ ነበረብኝ። በሰከንድ 128 ኪሎቢት የሚወስድ ኤምፒ3 (የታመቀ የድምፅ ፋይል) ይበቃል? ታናሽ ወንድሜን በኤቢኤክስ ፈተንኩት። ኤ ዋናው ቅጂ ነው፣ ቢ የታመቀው። ኤክስ ከሁለቱ አንዱ ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ኮምፒውተሩ ብቻ ነው። አድማጩ ኤክስ የትኛው እንደሆነ ይናገራል።

ከ16 ዙር 11 አገኘ። «አላልኩሽም? ይለያያል!» አለኝ።

ቆይ። መጀመሪያ የምትጠይቁት በግምት ብቻ ስንት ይገኝ ነበር የሚለውን ነው። ምንም ሳይሰሙ መመለስ ዘውድና ጎፈር እንደመጣል ነው፤ ከ16ቱ 8 አካባቢ ይገኛል። 11 ወይም ከዚያ በላይ በግምት የማግኘት ዕድል ከ100 10 ገደማ ነው። 12 ሲሆን ግን ወደ 4 ይወርዳል። ብዙዎች ውጤቱን የሚቀበሉት ይህ ዕድል ከ100 5 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። ስለዚህ 11 አላሳመነኝም።

«በቃ ሁለት ዙር ጨምሪልኝ» አለ። እምቢ አልኩት። ውጤት እያዩ ዙር መጨመር፣ ያማረ ቁጥር ሲመጣ ማቆም፣ ፈተናውን ያበላሸዋል። የዙሩን ቁጥር አስቀድማችሁ ወስኑ። ብዙ ሰው ፈትናችሁም ከሆነ ተጠንቀቁ፤ 20 ሰው ዝም ብሎ ቢገምት እንኳ ቢያንስ አንዱ 12 ወይም ከዚያ በላይ የማግኘቱ ዕድል ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል። ያንን ሰው ለብቻው እንደገና ፈትኑት።

8 ቢያገኝስ? «ልዩነት የለም» አትበሉ። ያ ሰው፣ በዚያ ማዳመጫ፣ በዚያ ዘፈን አልለየም ማለት ብቻ ነው። 16 ከ16 ከመጣ ደግሞ ከመደነቃችሁ በፊት ፋይሎቹን መርምሩ። አንዱ ትንሽ ጮክ ብሎ ይሆናል። ኤምፒ3 መጀመሪያው ላይ ትንሽ ዝምታ ስለሚጨምር፣ አድማጩ ድምፁን ሳይሆን የመነሻዋን መዘግየት ለይቶ ሊሆን ይችላል።

ለእኔ ትልቁ ትምህርት የዘፈኑ ምርጫ ነበር። መጀመሪያ ያሰማሁት የማሲንቆውን ክፍል ነው። በማግስቱ ጭብጨባው ብቻ የሚሰማበትን አምስት ሰከንድ ቆርጬ ሰጠሁት። 14 አገኘ! ምክንያቱ ይገባኛል። ኤምፒ3 ድምፁን በትንንሽ ቁራጭ ከፍሎ ያምቃል፤ ስሕተቱ በቁራጩ ሙሉ ይበተናል። ጭብጨባው ከመምጣቱ በፊት፣ ጸጥ ባለችው ቅጽበት፣ ስስ «ሽ» ትሰማለች። ማሲንቆው ድምፁ ስለማይቋረጥ ይሸፍናታል። ስለዚህ አማካይ ውጤት ብቻ ካሳዩዋችሁ፣ የየዘፈኑን ለየብቻ ጠይቁ።

ለድምፅ ጥራት ከ0 እስከ 100 ነጥብ የሚሰጥበት ሙሽራ (MUSHRA፤ የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ነው፣ ከሠርግ ጋር አይገናኝም) የሚባል የማዳመጥ ፈተናም አለ። እዚያ ዋናው ቅጂ ስሙ ተደብቆ ከሌሎቹ ጋር ይቀመጣል። ሆን ተብሎ የተበላሸ፣ ከ3.5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለው የተቆረጠበት ቅጂም ይገባል። መጀመሪያ እነዚህን ሁለቱን እዩ። ለተደበቀው ዋና ቅጂ ደጋግሞ ከ90 በታች የሰጠ አድማጭ ነጥቡ ከስሌቱ ይወጣል። ከዚያ የስሕተት መስመሮቹን፣ ማለትም አማካይ ነጥቡ ምን ያህል ከፍና ዝቅ ሊል እንደሚችል በሥዕሉ ላይ የሚያሳዩትን፣ ተመልከቱ፤ የሁለት ቅጂዎች መስመር በሰፊው ከተደራረበ፣ 82 ከ79 በለጠ ብላችሁ አትፍረዱ።

ጭብጨባውን በ192 ኪሎቢት ደገምኩለት። 9 አገኘ። ለዘመድ የላክሁት እሱን ነው፤ ዋናውን ግን አልሰረዝኩም።