ሸረሪቷ ጉድጓድ አልቆፍር ስትለኝ ያደረግኩት

ቤት የማሳድጋት ኪንግ ባቡን (የኬንያና የታንዛኒያዋ ታራንቱላ፣ ትልቅ ጸጉራም ሸረሪት) ከመጣች ጀምሮ አንዴም አልቆፈረችም፣ ሌሊቱን ሙሉ የሳጥኗን መስታወት ስትቧጥጥ ነው የምታድረው፣ ጠጋ ካልኩ ደሞ የፊት እግሯን አንስታ እስስስ ትላለች። እኔ ርቧት መስሎኝ በረሮ ስሰጣት ዞራም አታየውም። ለካ ችግሩ አፈሩ ነው! 8 ሳንቲ ብቻ፣ እሱም ደረቅ፣ ስትነካው ይናዳል።

በዕቃ ከድኜ አወጣኋትና (በእጅ እንዳትሞክሩት፣ ንክሻዋ በጣም ያማል) አፈሩን ከ20 ሳንቲ በላይ አደረግኩት፣ ትንሽ አርጥቤ በቡጢ እየደቃሁ ጠቀጠቅኩትና ጥግ ላይ በማንኪያ እጀታ ሰያፍ ቀዳዳ ጀመርኩላት። እስከ ክዳኑ ብዙ ክፍተት አልተውኩም፣ ወጥታ ከወደቀች ሆዷ ሊፈነዳ ይችላል።

በሶስተኛው ሌሊት ጠፋች። አሁን ሸረሪቴን እዩልኝ ብዬ ለሰው የማሳየው አፈር የሞላ ሳጥን ነው😂