መብራት በጠፋ ቁጥር ኮድ የማይቀበለው ሰርቨር

ገላን አንድ መጋዘን ውስጥ ሰርቨር ላይ የተከልነው ጊትላብ (ፕሮግራመሮች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት ሲስተም)፣ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሰው አላስገባም ይል ነበር። ገጹ ይከፈታል፣ ፓስወርዱም ይሠራል። ስልክ ላይ ያለው አፕ የሚያወጣውን ባለ 6 አሃዝ ኮድ ግን አይቀበልም። ሁሉም ኔትወርኩን ጠረጠረ። እዚህ ሰፈር መቼም ጥፋት ሁሉ የእሱ ነው።

የሰርቨሩን ቀን ሳይ ዓመቱ ራሱ ወደ ኋላ ሄዷል! ኮዱ በየ30 ሴኮንዱ ከሰዓት ተሰልቶ ነው የሚወጣው። የሰርቨሩና የስልኩ ሰዓት ካልተስማሙ አለቀ። ማዘርቦርዱ (የሰርቨሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለችው፣ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምትይዘው ባለ 3 ቮልት ሲአር2032 ባትሪ ሞታለች። ቀየርኳት፣ ባዮስ (የማሽኑ መነሻ ሴቲንግ) ገብቼ ሰዓቱን አስተካከልኩ። ክሮኒ የሚባል ሰዓት አስተካካይ ፕሮግራምም ጫንኩ፤ ኢንተርኔት ሲኖር ሰዓቱን ራሱ ያርማል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚያቆይ የባትሪ መሣሪያ) ይገዛ ተብሏል፣ ይገዛ። መብራቱ ጠፍቶ ዩፒኤሱ ከሚችለው በላይ ከቆየ ግን ሰዓቱን የምትይዘው ያቺው ባትሪ ናት።