የጋዝ ኦቨን በራሳችሁ እጅ ስትጠግኑ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰው የራሱን የጋዝ ምድጃ ለመጠገን ሲነሣ ደስ ይለኛል። ዕቃ በትንሽ ብልሽት ከሚጣል፣ ካቻቪቴ መያዝ የሚችል ሁሉ ከፍቶ ቢያየው እመርጣለሁ። ነገር ግን በአዲስ አበባ ቤት ለቤት እየዞርኩ ምድጃና ኦቨን ስጠግን እንዳስተዋልኩት፣ ብዙዎቹ የሚጠሩኝ ዕቃው በተበላሸ ዕለት አይደለም፤ ራሳቸው ከጠገኑት በኋላ ነው። በር ላይ የሚቀበሉኝም በአንድ ዓይነት ቃል ነው፦ «እሳቱ እኮ በርቷል፤ ግን...»

ከ«ግን» በኋላ የሚመጣው ይለያያል። አንዱ ቤት ራስ ምታት ነው፣ ሌላው ቤት የጠቆረ ድስት፣ ሌላው ቤት ማታ ማታ የሚሸት ኩሽና። እሳቱ ከበራ ጥገናው አለቀ ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ዓይናችሁ የሚያየው ነበልባል የተቃጠለው ጋዝ ነው። ቤት የሚያፈርሰውና ሰው የሚገድለው ያልተቃጠለው ወይም በግማሽ የተቃጠለው ነው፤ እሱ ደግሞ አይታይም።

ኖዝልን በመርፌ መውጋት

ይህን ስህተት ስንት ጊዜ እንዳየሁት መቁጠር ትቻለሁ። ኖዝል ማለት ጋዙ ወደ ምድጃው ራስ የሚወጣባት፣ ከትንሿ ጣት ጫፍ የማትበልጥ የነሐስ ቁራጭ ናት። ፊቷ ላይ ቁጥር ተመትቶባታል፦ 50፣ 65፣ 85። ቁጥሩ የቀዳዳዋ ከዳር እስከ ዳር ስፋት ነው፤ 65 ማለት 0.65 ሚሊሜትር ማለት ነው። ፋብሪካው እስከዚህ ድረስ የተጨነቀበትን ቀዳዳ ነው እንግዲህ ሰው «ነበልባሉ ደከመ» ብሎ በልብስ መርፌ፣ ባስ ሲልም በስፌት ወስፌ የሚጎረጉረው። አንድ ቤት በትራፓኖ የተበሳ አግኝቻለሁ።

ነሐስ ከብረት ይልቅ ለስላሳ ነው። መርፌው ሲገባ ቆሻሻውን ብቻ አያወጣም፤ ቀዳዳውን ይልጠዋል፣ ክብነቱንም ያጠፋዋል። ከ0.65 ወደ 0.80 ሚሊሜትር መስፋት ለዓይን ምንም አይደለም፤ በስሌት ግን ጋዝ የሚያልፍበት የቀዳዳው ጠቅላላ ቦታ በግማሽ ያህል ጨመረ ማለት ነው። ጋዙ በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ከጋዙ ጋር የሚደባለቀው አየር ግን በዚያ ልክ አይጨምርም። አየር ያጠረው ጋዝ ቢጫ ሆኖ ይነድዳል፣ ጥላሸት ይተፋል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝም ያመነጫል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዓይን አይቆጠቁጥም።

በአንድ ኮንዶሚኒየም ቤት የጠራኝ ወጣት ኦቨኑን ራሱ አስተካክሎ ነበር። ነበልባሉ ከፍ ብሎለት ተደስቷል። ሚስቱ ግን ዳቦ በጋገረች ቁጥር ራሷን ያማታል፣ መስኮት ስትከፍት ይለቃታል። ክሊኒክ ሄዳ ግፊቷን ተለክታ ጤነኛ ነሽ ተብላለች። የኦቨኑን የታችኛውን ቆርቆሮ ፈትቼ ሳነሣው በጣት ሲታሽ የሚለቅ ጥላሸት ጠግቦ ነበር። ከሥሩ ያለው ነበልባል ረጅም፣ ልፍስፍስና እንደ ሻማ ቢጫ ነው። ከላይ ያሉት አራቱ ምድጃዎች ቢሆኑ ኖሮ ቀለማቸውን ያየው ነበር፤ የኦቨን እሳት ግን በቆርቆሮ ሥር፣ በተዘጋ በር ውስጥ ስለሚነድድ ማንም አያየውም። ኖዝሉን በትክክለኛው ቁጥር ቀየርኩት፤ የፈጀብኝ ሩብ ሰዓት ነው። ያ ልጅ ሲደነግጥ አይቼ አልተቆጣሁትም፣ ግን ልቤ ቆስሏል። የሁለቱም ሕይወት በአንዲት መርፌ ላይ ቆይቷል።

በአዲስ አበባ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ይሳሳል። በአሜሪካ የጋዝ ዕቃ የሚገጥሙ ባለሙያዎች የሚሠሩበት ደንብ ከፍታው በየ300 ሜትሩ ሲጨምር የጋዝ ዕቃውን ኃይል 4 በመቶ ገደማ መቀነስ ነው። እኛ ጋ የሚገባው ምድጃ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለቆላ አየር በተበሳ ኖዝል ነው የሚመጣው። ማለትም ነበልባላችሁ ወደ ቢጫ ያዘነበለ ከሆነ፣ ቀዳዳው ቀድሞውንም ለከፍታችን ሰፊ ነው፤ እናንተ ደግሞ ትጨምሩበታላችሁ።

ታዲያ ነበልባል ሲደክም ምን ይደረግ? መጀመሪያ ኖዝሉን ተዉትና የምድጃውን ራስ፣ ማለትም ነበልባሉ የሚወጣበትን ክፍል፣ እዩ። ከአሥር ጊዜ ስምንቱ የገነፈለ ወተት ወይም ወጥ የደፈነው እሱን ነው። የምድጃውን ራስ ቀዳዳዎች በጥርስ ብሩሽና በሽቦ ብታጸዱ ችግር የለም፤ ሰፊና ጠንካራ ናቸው። ኖዝሉን የግድ ካወጣችሁ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ዘፍዝፉት፣ በአፋችሁ ንፉበት፣ ወደ ብርሃን አድርጋችሁ ተመልከቱት። ቀዳዳው ክብ ሆኖ ካልታየ አዲስ ግዙ። ነበልባሉ ቢጫ ከሆነባችሁ ደግሞ በምድጃው ቱቦ አፍ ላይ ያለውን የአየር መግቢያ ቀለበት ከፈት አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር አያስፈልግም።

ከአሜሪካ የመጣ ኦቨን እንዳለ ማገናኘት

ዘመድ በኮንቴይነር የላከው ትልቅ ኦቨን የሚሠራው በአብዛኛው በቧንቧ ለሚመጣ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። እኛ የምንጠቀመው የሲሊንደር ጋዝ ነው። በሲሊንደር ጋዝ ውስጥ ያለው ፕሮፔን በመጠን ሲለካ ከተፈጥሮ ጋዝ ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ሙቀት ይሰጣል፤ ስለዚህ ኖዝሉም የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረው የኦቨኑ ሬጉሌተርም ካልተቀየረ ነበልባሉ ድስቱን አልፎ ይወጣል። የሲሊንደር ጋዝ ኖዝሎች ብዙ ጊዜ በትንሽ ፌስታል ሆነው ከኦቨኑ ጀርባ ወይም ከታችኛው መሳቢያ ይለጠፋሉ፤ ዕቃውን ስትፈቱ ፌስታሏን ቆሻሻ መስሏችሁ አትጣሏት። የኤሌክትሪኩን ክፍልም አትርሱ፤ የአሜሪካው 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ማቀጣጠያውን አቃጥለው የጠሩኝ አሉ።

ቴርሞካፕሉን ማታለል

ይህን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ።

በኦቨኑ ነበልባል አጠገብ ቀጥ ብላ የቆመች ቀጭን ዘንግ አለች፤ ቴርሞካፕል የምትባለው እሷ ናት። ስትሞቅ ከ20 እስከ 30 ሚሊቮልት የሚደርስ ኤሌክትሪክ ታመነጫለች፤ ያ ትንሽ ኤሌክትሪክ የጋዙን መዝጊያ በማግኔት ይዞ ክፍት ያቆየዋል። እሳቱ ሲጠፋ ዘንጓ ትቀዘቅዛለች፣ መዝጊያውም ይዘጋል። ስትደክም ደግሞ ቁልፉን ለቀቅ ስታደርጉ እሳቱ አብሮ ይጠፋል። ሰው ይሰለችና ቁልፉን እንደተጫነ በሽቦ ያስረዋል፣ ወይም እንጨት ይሸጉጥበታል።

እኔ ሽቦ አላሰርኩም፤ ከዚያ የከፋ ነው ያደረግሁት። ሥራውን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በፋሲካ ዋዜማ አንዲት እናት ጠሩኝ። ሱቆች ተዘግተዋል፣ ሊጡ ኩፍ ብሏል፣ እንግዳ ይመጣባቸዋል። የመዝጊያውን ስፕሪንግ አውጥቼ ጋዙ ያለ ምንም ጠባቂ እንዲያልፍ አደረግሁት። «ከበዓሉ በኋላ ዕቃውን ይዤ እመለሳለሁ» አልኳቸው። የተመለስኩት በዘጠነኛው ቀን ነው። በመካከሉ አንድ ማታ እሳቱን ዝቅ አድርገው ዳቦ ሲያሞቁ የኦቨኑ በር በኃይል ተዘግቶ ኖሮ ነበልባሉ ጠፍቷል፤ ጋዙ ግን መፍሰሱን ቀጥሏል። የልጅ ልጃቸው ውሃ ሊጠጣ ኩሽና ገብቶ «እማማ፣ ሸተተኝ» ባይል ኖሮ ምን እንደሚፈጠር አውቃለሁ። እኒያ እናት አልጮኹብኝም። «ልጄ፣ አንተ የሠራኸው ስለሆነ አምኜው ነበር» ብቻ ነው ያሉኝ።

ቴርሞካፕል ርካሽ ዕቃ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ጫፏን በስስ ብርጭቆ ወረቀት አጽዱና በትክክል ነበልባሉ ውስጥ መቆሟን እዩ፤ ስታበሩም ቁልፉን ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ ተጭናችሁ ጠብቁ። አዲሷን ስትገጥሙ ብሎኗን በእጅ ካጠበቃችሁ በኋላ በቁልፍ ሩብ ዙር ብቻ ጨምሩ። አጥብቆ ማሰር ጫፏን ይጨፈልቀውና አዲሷም አትሠራም።

በአንዴ አልበራ ሲል ደግሞ መሞከር

የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ኦቨኑ ሳይቀጣጠል ጋዝ ከለቀቃችሁ ጋዙ አይበተንም፤ እንደ ውሃ ከታች ይተኛል። ክብሪቱ በሁለተኛው ሙከራ ሲጫር የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሣል። ቅንድባቸውና የፊት ፀጉራቸው የተለበለበ ሰዎችን አይቻለሁ፤ ሁሉም ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ ሲያዩ ነው የደረሰባቸው። ቁልፉን ዝጉ፣ በሩን ክፈቱ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ሁልጊዜም መጀመሪያ ክብሪቱን ጫሩ፣ ከዚያ ጋዙን ክፈቱ።

የቡናው ከሰል

ይህ የደግነት ስህተት ስለሆነ ለመናገር ይከብደኛል። ባለሙያ ወይም ጎረቤት ኦቨን ሊጠግን ሲመጣ የቤቱ እመቤት ቡና ታቀርባለች። ከሰሉ እዚያው ኩሽና ደጃፍ ይቀጣጠላል፣ እጣኑ ይጨሳል። እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ የጋዝ ቱቦ እየፈታሁ ሦስት ሜትር ባልሞላ ርቀት ፍም አለ። እጣኑና የሚቆላው ቡና ደግሞ ጋዙ ላይ ሆን ተብሎ የተጨመረውን መጥፎ ሽታ ይሸፍኑታል። አሁን ገና ስገባ «እትዬ፣ ቡናውን ስጨርስ እጠጣለሁ፤ ከሰሉ ግን ውጭ ይሁንልኝ» እላለሁ። ቅር የተሰኘችብኝ የለችም። ሞባይል ቻርጅ ማድረግም፣ መብራት ማብራት ማጥፋትም ጋዝ በሸተተበት ቤት አይደረግም።

ሳሙናውን መዝለል

የጋዝ ፍሳሽ በክብሪት አይፈተሽም። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

በኦሞ ወይም በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ውሃ በጥብጣችሁ በስፖንጅ ቀቡ፦ ሬጉሌተሩ ከሲሊንደሩ የሚገናኝበትን፣ የቱቦውን ሁለት ጫፎች፣ የቁልፎቹን አንገት። ጀማሪዎች ቀብተው ወዲያው ዓይናቸውን ያነሣሉ። ትንሽ ፍሳሽ ቶሎ አይታይም፤ የምስር ፍሬ የምታህል አንዲት ጉብታ ቀስ ብላ ታብጣለች። እስከ 60 ቁጠሩ። ሌላም የሚዘነጋ አለ፦ ከቁልፉ ወዲያ ያለው የኦቨን ቱቦ ጋዝ የሚያገኘው ኦቨኑ ሲበራ ብቻ ስለሆነ፣ ያንን ክፍል እሳቱ እየነደደ ከጀርባ በኩል ካልፈተሻችሁት አልፈተሻችሁትም።

ሌሎቹ አጭር ናቸው።

የውሃ ጎማ ለጋዝ አይሆንም፤ ጋዙ ያደርቀውና ይሰነጣጥቀዋል። ቱቦውን በሽቦ አትሰሩት፤ ፋሸታ፣ ማለትም የቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት፣ ግዙለት። ከኦቨኑ ሙቅ ጀርባ ጋርም አታስነኩት።

ቴፍሎን የሁሉ ነገር መፍትሔ አይደለም። ጋዙን የሚይዘው የጎማ ጓርኒሲዮን በሆነበት መጋጠሚያ ላይ ቴፍሎን መጠምጠም ጓርኒሲዮኑ በደንብ እንዳይቀመጥ ያደርጋል።

የምግብ ቤት ሬጉሌተር ቤት አታስገቡ። የቤት ምድጃ የሚፈልገው ወደ 30 ሚሊባር ነው፤ ንጹሕ ፕሮፔን በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ግን 7 ባር ገደማ ነው፣ ማለትም ከ200 እጥፍ በላይ። በመካከላቸው የቆመው ሬጉሌተሩ ብቻ ነው።

ጋዙ ሊያልቅ ሲል ሲሊንደሩን አታጋድሙት፤ ፈሳሹ ራሱ ወደ ሬጉሌተሩ ይገባል። በፍም አጠገብ ማሞቅ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ።

የኦቨኑን ወለል በፎይል መሸፈን ለጽዳት ይመቻል፤ ነገር ግን ቀዳዳዎቹ የአየር መንገድ ናቸው፣ ሲደፈኑ ከላይ የነገርኳችሁ ቢጫ ነበልባል ይመጣል።

የደረቀ ቁልፍ በዘይት ወይም በመኪና ግሪስ አታለስልሱ። ሲሞቅ ይቀልጥና የጋዙን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ለጋዝ ቁልፍ የሚሆን ሙቀት የሚችል ግሪስ አለ።

ኦቨኑ ውስጥ በግድግዳው ላይ የተቀመጠችውን ቀጭን የቴርሞስታት ዘንግ ስታጸዱ አትጠምዝዟት። ከቦታዋ ከወጣች ኦቨኑ 180 እያላችሁት ዳቦውን ያሳርራል።

ዕቃ ልትገዙ መርካቶ ስትወርዱ የድሮውን ፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ኖዝል ከሆነ ቁጥሩን፣ ቴርሞካፕል ከሆነ ርዝመቱንና የብሎኑን ጥርስ ከአዲሱ ጋር እዚያው ሱቁ ላይ አስተያዩ። ሻጩ «ይሄ ለሁሉም ይሆናል» ካላችሁ ሌላ ሱቅ ጠይቁ። እስክትመለሱም የሲሊንደሩ ቫልቭ ተዘግቶ ይቆይ፤ የተፈታው መጋጠሚያ ላይ ወረቀት አስራችሁ «እንዳትከፍቱ» ብላችሁ ጻፉበት፤ እናንተ በሌላችሁበት ሻይ ሊያፈላ ኩሽና የሚገባ ሰው አይጠፋም።